የተባረሩት ወላጆችና የሸሹት ልጆች

ከትምህርት ቤት የተመለሰ የስምንት ዓመት ልጅ በሩን ገፋ አድርጎ ይገባል። ቤቱ ጭር ብሏል። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፣ ሬዲዮው ተከፍቶ ያወራል፣ ሰው ግን የለም። «እማዬ!» ብሎ ይጣራል። መልስ የለም። ሌላ ልጅ ቢሆን እናቱ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ሄዳለች ብሎ ቦርሳውን ይጥልና ወደ ጨዋታው ይሮጣል። የዚህን ልጅ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። እሑድ ዕለት የሰማው ስብከት ትዝ ይለዋል፤ ቅዱሳን በቅጽበት ይነጠቃሉ፣ ያልተዘጋጀ ይቀራል። ትናንት ስለ ጠፋው እርሳስ የዋሸው ውሸት ትዝ ይለዋል። በቃ፣ ንጥቀቱ ሆኗል፤ እናቱ ሄዳለች፣ እሱ ቀርቷል። እናቱ ከጎረቤት እስክትመለስ ያሉትን አሥር ደቂቃዎች በሩ ሥር ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ያሳልፋቸዋል።

ጠበቅ ባለ የወንጌላውያን ቤት ያደጉ ሰዎች ሲገናኙ ይህ ታሪክ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። መጀመሪያ ይሳቅበታል። ሳቁ በረድ ሲል ግን አንዱ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እስከ ዛሬ ደውዬላት ካላነሳች ልቤ ይመታል» ይላል። የሚናገረው ሰው ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሄደ አሥር ዓመት ሆኖታል። በንጥቀት ማመን አለማመኑን እንኳ እርግጠኛ አይደለም። አእምሮው ከዚያ ቤት ወጥቷል፣ ልቡ ግን አሁንም በሩ ሥር ቁጭ ብሏል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሰው ነው፤ አጥብቆ ካሳደገው የክርስትና ቤት የወጣና በመውጣቱ ብቻ ያልዳነ ሰው።

ሁለት ችኩል ፍርዶች

በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ ባለው ማኅበረሰብ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ፍርድ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው የቤተሰብና የምእመኑ ነው፦ «ወደ ኋላ ተመለሰ»፣ «ዓለም በላችው»፣ «ኃጢአት ጣፍጦት ነው»። ሁለተኛው ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፦ «እንኳን ነቃህ»፣ «ነጻ ወጣህ»፣ «ድሮስ ምን ልታደርግ እዚያ ነበርክ?»።

ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። አንድ የሚጋሩት ነገር ግን አለ፤ ሁለቱም ሰውየውን ምን እንዳመመው አይጠይቁትም። አንደኛው ጥፋተኛ ያደርገዋል፣ ሌላኛው ጀግና ያደርገዋል። ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንደሚያጣ፣ መዝሙር ሲሰማ ለምን ዕንባው እንደሚመጣና ወዲያው ለምን እንደሚናደድ፣ ሲታመም መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ ለምን «ቅጣት ነው» የሚለው እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ላይ ግን በሽታውን የደበቀው ታማሚው ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ሸፍኖለታል።

«ፈውስ» የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት። ፈውስ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው መድረክ፣ ማይክሮፎን፣ የተሰለፈ ሕዝብና የኮንፈረንስ ፖስተር ነው። በዚያ መድረክ ዓይን ይበራል፣ ሽባ ይነሣል ይባላል። ያ መድረክ ራሱ ያቆሰለውን ሰው ማን ይፈውሰዋል የሚለው ጥያቄ ግን ፖስተር የለውም።

ግድግዳው ለምን ተሠራ?

ወላጆችን መውቀስ ቀላል ነው። ከወቀሳው በፊት ግን እነዚህ ወላጆች ከየት እንደመጡ ማስታወስ ይገባል፤ ጥብቅነቱ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለምና።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ፣ በናዝሬትና በሐዋሳ የነበሩ ተማሪዎች በየቤቱ እየተሰበሰቡ መጸለይ ጀመሩ። ከዚህ እንቅስቃሴ የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1967 ተመሠረተች። የንጉሡ መንግሥት ዕውቅና ከለከላት፤ በ1972 አባሎቿ በጅምላ ታሰሩ። ያኔ «ጴንጤ» የሚለው ቃል ስድብ ነበር። ጴንጤ የሆነ ልጅ ከቤት ይባረራል። አንዳንድ ቤተሰብ ልጁ እንደሞተ ቆጥሮ አልቅሶ እርሙን አውጥቷል። ከእድር የተሰረዙ፣ የመቃብር ቦታ ተከልክለው የሞተባቸውን ይዘው የተንከራተቱ ብዙዎች ነበሩ።

ደርግ ሲመጣ ጉዳዩ ከቤተሰብ ጠብ አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። መፈክር አላሰማም፣ ግራ እጄን አላነሣም ያለ ወጣት «የሲአይኤ ቅጥረኛ» ተባለ፣ ታሰረ፣ ተገረፈ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ከምሽት ጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፤ ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። አማኞቿ ግን ሰው እንዳያያቸው እየተጠነቀቁ በየሳሎኑ፣ በአምስትና በስድስት ሰው ተከፋፍለው ቀጠሉ። ስትዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበረው አባል በ1991 በአደባባይ ሲወጣ ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር።

እንዲህ ባለ ዘመን ጥብቅነት የነፍስ ጉዳይ ነው። በየሳሎኑ የሚሰበሰበው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያመሽ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ካልታወቀ አንድ ሰው ሁሉንም ሊያሳስር ይችላል። «ከዓለም ጋር አትቀላቀሉ» ማለት መንፈሳዊ ምክር ብቻ አልነበረም፣ የደኅንነት ጥንቃቄም ነበር። መጠጥ ቤት የማይገባ፣ ዘፈን የማይሰማ፣ ወሬ የማያወጣ ሰው ሊታመን ይችላል። ግድግዳው ሰዎቹን ከዝናብ አስጥሏል። ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ

በ1991 ደርግ ወደቀ። የተዘጉ ቤተ ክርስቲያኖች ተከፈቱ፣ ስታዲየም ተሞላ፣ መዝሙር በካሴት ተቸበቸበ። በ1994ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከሕዝቡ 10.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2007ቱ ቆጠራ 18.6 በመቶ ሆኑ። ከመቶ አሥሩን የነበሩት ወደ ሃያ ተጠጉ። ከእንግዲህ የሚሸሸግ አናሳ ወገን አልነበረም።

ግድግዳው ግን በቦታው ቆየ። ከውጭ የሚመጣ ወታደር እንዳይገባ የተሠራው አጥር ከውስጥ የተወለደ ልጅ እንዳይወጣ መጠበቂያ ሆነ። ያኔ ወላጆቹ ራሳቸው መርጠው የገቡበትን ሕይወት ልጆቹ ተወልደውበት አገኙት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዘፈን ተውኩ ሲል መሥዋዕት ያቀርባል፤ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጎረቤት ሲዘፈን ጆሮህን ድፈን ሲባል የሚማረው መሥዋዕትን አይደለም፤ ፍርሃትን ነው።

ከዚያም ደንቦቹ ተቆለሉ። ሱሪ፣ ጌጥ፣ ሊፕስቲክ፣ ሲኒማ፣ የልደት ዳንስ፣ «የማያምን» ጓደኛ። ደንቡ ለሁሉም ተጻፈ ቢባልም ክብደቱ በሴቶቹ ላይ አረፈ። ከጋብቻ በፊት ያረገዘች ልጅ «ቅጣት ላይ ናት» ተብሎ በጉባኤ ፊት ስሟ ሲነበብ፣ ከኳየር ስትወጣ፣ የኋላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ያየ ሁሉ ያስታውሳል። አብሯት የነበረው ወንድ ስሙ ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዋለች ልጅ ጸጋ የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ብትሰማም ጆሮዋ የሚይዘው ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ የጠየቀስ? «ለምን?» ያለ ልጅ መጀመሪያ ይመከራል፣ ከዚያ ይጸለይለታል፣ ከዚያ ደግሞ «መንፈስ አለበት» ተብሎ እጅ ይጫንበታል። አእምሮው የሠራው ትክክለኛ ሥራ ጋኔን ይባልበታል። ይህ በወንጌላውያን ቤት ብቻ የሚሆን አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤት አድጎ ጥርጣሬውን የተናገረ ልጅም በግድ ጠበል ሲወሰድ ይታያል። ስሙ ይለያያል፤ ልጁ የሚማረው ግን አንድ ነው፦ የምታስበውን ለማንም አትናገር።

በውጭ አገር ደግሞ ግድግዳው ሌላ ሥራ ተጨመረበት። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ያለች የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቦታ ብቻ አይደለችም፤ አገርም ናት። ቋንቋው፣ እንጀራው፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው ሁሉ እዚያ ነው። ስብከቱን በግማሽ የሚሰማ ልጅ ከዚያ ሲወጣ ከእምነት ብቻ አይወጣም፤ ኢትዮጵያዊነቱንም አብሮ የተወ ይመስለዋል፤ ወላጆቹም እንደዚያ ይቆጥሩበታል።

የሚጠፋው ምንድን ነው?

ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲያቆም የሚጠፋበት የእሑድ ጠዋት ብቻ ነው። ከውስጥ ላለው ግን ሳምንቱ ይፈርሳል። ረቡዕ የጸሎት፣ ዓርብ የኳየር ልምምድ፣ ቅዳሜ የወጣቶች፣ እሑድ አምልኮ የነበረው ሳምንት ባዶ ይሆናል። በሕፃንነቱ አብረውት ያደጉ ጓደኞቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት «እየጸለይንልህ ነው» ይሉታል፤ ቡና እንጠጣ የሚል ግን ይጠፋል። ማንን ያገባል? ማን ይድረዋል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል? በኢትዮጵያ እነዚህ የፍልስፍና ጥያቄዎች አይደሉም፤ የኑሮ ጥያቄዎች ናቸው።

ከዚህም በላይ ሐዘን የሚገልጽበት ቋንቋ ይጠፋዋል። ያደገው በመዝሙር ነው፤ ሲከፋውም ሲደሰትም አፉ ላይ የሚመጣው መዝሙር ነው። አሁን ያንን ሲያዜም ውሸታም የሆነ ይመስለዋል፤ ሲተወው ደግሞ ዲዳ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ስም አለው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሊን ዊኔል የሚስዮናውያን ልጅ ሆነው ያደጉ ናቸው። አጥባቂ እምነትን ስለ መተው የጻፉት መጽሐፍ በ1993 ወጣ፤ በ2011 ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጡ ሰዎች የሚያዩትን ፍርሃት፣ የጥፋተኝነት ስሜት፣ የመወሰን አቅም ማጣትና ብቸኝነት አንድ ላይ ሰብስበው «የሃይማኖት ጉዳት» የሚል ስም ሰጡት። ስሙ በይፋ የተመዘገበ የበሽታ ስም አይደለም፣ የሚከራከሩበትም አሉ። ይሁንና የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በ1994 እትሙ እምነትን ማጣትና መጠራጠር የሚያመጣውን ጭንቀት እንደ አእምሮ በሽታ ሳይቆጥር፣ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ጉዳይ ብሎ መዝግቦታል። ነጥቡ ይህ ነው፦ ሰውየው አላበደም፣ ጋኔንም የለበትም። ትልቅ ነገር አጥቷል፤ ያጣ ሰው ደግሞ ያዝናል።

የማያሽሩ መድኃኒቶች

ከጥብቅ ቤት የወጣ ሰው በፍጥነት የሚያገኛቸው መድኃኒቶች አሉ፤ አብዛኞቹ አያሽሩም።

አንደኛው በቀል ነው። ትናንት በሌሎች ላይ ይወረውረው የነበረውን ፍርድ ዛሬ ወደ መጣበት ያዞረዋል። ቲክቶክ ላይ ፓስተሮችን መሳደብ፣ የሚያምንን ሰው ሁሉ ደንቆሮ ማለት ይጀምራል። ንዴቱ ምክንያት የለውም ማለት አይደለም፤ ምክንያት አለው። ግን ዓለምን በሁለት የከፈለው መስመር ያው ነው፤ የተቀያየሩት ወገኖቹ ብቻ ናቸው። ከአጥባቂነት የወጣ ይመስለዋል፣ አጥባቂነቱን ግን ይዞት ወጥቷል።

ሁለተኛው ችኩል ምትክ ነው። አንዱን ነቢይ ትቶ ሌላውን ነቢይ መከተል፣ ወይም በእምነት ፈንታ ፖለቲካን እንደ እምነት መያዝ። በኢትዮጵያ የዚህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ ለብሔሩ ወይም ለፓርቲው ትናንት ለመድረኩ የሚሰጠውን ዓይነት «አሜን» የሚሰጥ ሰው ሞልቷል።

ሦስተኛው ቁስልን ሳይድን ወደ ገበያ ማውጣት ነው። የጆሹዋ ሃሪስ ነገር እዚህ ላይ ያስተምራል። አሜሪካዊው ሃሪስ በ1997፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ ወጣቶች የፍቅር ጓደኝነትን እንዲተዉ የሚመክር መጽሐፍ አሳትሞ በብዙ አገር ተነበበ። በመጽሐፉ የተጎዱ ሰዎች እየበዙ ሲመጡ ሰማቸው፤ በ2018 መጽሐፉ ዳግም እንዳይታተም አደረገ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። በ2019 ክርስቲያን አይደለሁም አለ። በ2021 ደግሞ እምነታቸውን ለሚመረምሩ ሰዎች በ275 ዶላር የሚሸጥ ኮርስ አቀረበ፤ የተጎዱት ሰዎች ራሳቸው ሲቆጡ በቀናት ውስጥ አነሣው። ትናንት መግቢያውን ያስተማረ ሰው ዛሬ መውጫውን ለማስተማር ሲቸኩል የቆሰሉት ወዲያው ያውቁታል።

አራተኛው በቤተሰብ ግፊት መመለስ ነው። እናት ታመመች፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ልጁ እሑድ መጥቶ ቆመ፣ ሁሉም «ተመለሰ» ብሎ እልል አለ። ልጁ የተመለሰው ግን ወደ እግዚአብሔር አይደለም፤ ወደ ዝምታው ነው።

የሚያሽረው

ታዲያ ምን ያሽራል? አንድ መንገድ የለም። ያሽራቸው ሰዎች ታሪክ ሲታይ ግን የሚመሳሰል ነገር አለው።

ሜገን ፌልፕስ ሮፐር በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ቶፒካ ከተማ፣ አያቷ በመሠረተው በዌስትቦሮ ባፕቲስት ቸርች ውስጥ አደገች። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአብዛኛው አንድ ቤተሰብ ናት፤ የታወቀችውም በወታደሮች ቀብር ላይ የጥላቻ መፈክር ይዞ በመቆም ነው። ሜገን ሰልፍ መውጣት የጀመረችው በአምስት ዓመቷ ነበር። በ2009 በትዊተር ላይ የቤተ ክርስቲያኒቱ አንደበት ሆነች። በዚያ ከሰደቧት ሺህ ሰዎች መካከል አልሰደባትም ያለ ዴቪድ አቢትቦል የሚባል አይሁዳዊ ጸሐፊ ነበር። ጠየቃት፣ አዳመጣት፣ ቀለደባት፣ በራሷ ትምህርት ውስጥ ያለውን ተቃርኖ በጨዋነት አሳያት። በ2012 ከእህቷ ጋር ወጣች። ወላጆቿ ዘጉባት። ያስጠጓት ደግሞ ትናንት ተሰልፋ የሰደበቻቸው አይሁዳውያን ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። ያወጣት ክርክር ብቻ አይደለም፤ የሰው ትዕግሥት ነው። ያሻራትም እንደዚሁ። ሲኦል ይገባል የተባለ ሰው ሻይ አፍልቶ ሲጋብዝ በፍርሃት የተሠራው ዓለም ፍንጥቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ሜገን ከቤተሰቧ እንደማትጣላ፣ እንደምትወዳቸው በይፋ ስትናገር ኖራለች፤ በ2019 በታተመው መጽሐፏም ያደገችበትን ቤት ፍቅርም ጭካኔም አብራ አስፍራለች። ቁስል የሚያሽረው ነገሩን ሁሉ ጥቁር በመቀባት እንዳልሆነ ከእርሷ በላይ ምስክር አይገኝም።

የመለየት ሥራ የሚባለው ይህ ነው። እህል የምታበጥር ሴት ሰፌዱን አትጥለውም፣ ያለውንም ሁሉ ድስት ውስጥ አትከተውም፤ እፍ እያለች ገለባውን ታስወጣለች። በጥብቅ ቤት ያደገ ሰው ብዙ ፍሬ ይዞ ወጥቷል፦ ድምፅን ከድምፅ ማስማማት፣ በአደባባይ መናገር፣ የታመመን መጠየቅ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ለቅሶ መድረስ። እነዚህ የእርሱ ናቸው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ገለባው ደግሞ ፍርሃቱ ነው። ሥራው ቀርፋፋ ነው፣ ዓመታት ይወስዳል፣ ሰው ሊረዳው እንጂ ሊሠራለት አይችልም።

የቀረው እምነት ምን ይሁን? እዚህ ላይ የተለያየ ነው። አንዳንዱ ጸጥ ያለ ቅዳሴ ውስጥ ገብቶ፣ ማንም ስሙን ሳይጠይቀው ከኋላ ቆሞ ያርፋል። አንዳንዱ ሌላ፣ ለጥያቄ ቦታ ያላት ጉባኤ ያገኛል። አንዳንዱ ለረጅም ጊዜ አይጸልይም። አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም፣ ግን ሰላም ያገኛል። ኬኔት ፓርጋመንት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2001 ያሳተሙት ጥናት ሆስፒታል የተኙ ወደ 600 የሚጠጉ በዕድሜ የገፉ ሕሙማንን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ነው። እግዚአብሔር ትቶኛል፣ እየቀጣኝ ነው ብለው የሚጨነቁት ሕሙማን በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወሳኙ ሰው ማመን አለማመኑ ብቻ አይደለም፤ የሚያምነው አምላክ ምን ዓይነት ነው የሚለውም ነው። ጅራፍ ይዞ የሚጠብቅ አምላክ ያለው ሰው ጉባኤ ውስጥ ቢቀመጥም አልዳነም፤ ያንን ምስል የተወ ሰው ግን ጉባኤው ውስጥ ባይኖርም መዳን ጀምሯል።

ቅዱስ መጽሐፉም ቢሆን ለተሰበረ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መድኃኒት ተግሣጽ አይደለም። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ አልሰበከለትም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንዲተኛም ተወው። ቶማስ ተጠራጥሮ ሲናገር ከጉባኤ አልታገደም፤ ቁስሉ ታየለት። በኢዮብ ታሪክ መጨረሻ ላይ የተወቀሱት የጠየቀው ኢዮብ አይደለም፤ መልስ ሁሉ በእጃችን ነው ያሉት ጓደኞቹ ናቸው። ይህን መጽሐፍ በቃላቸው የሚያውቁ ወላጆች እነዚህን ገጾች ለልጆቻቸው መንፈጋቸው ያሳዝናል።

የወላጆች ሙግት

ወላጆችም የሚሉት አላቸው፤ ሊሰማም ይገባል። «አጥብቀን ባናሳድጋቸው ጫትና መጠጥ ይበላቸው ነበር» ይላሉ። ብዙ ሰፈር ይህ እውነት ነው። በዚያ ጥብቅ ቤት ምክንያት ትምህርቱን የጨረሰ፣ ከጎዳና የተረፈ ልጅ አለ። «እኛ እውነት ነው ብለን ያመንነውን ልጃችን ሲተወው እንዴት ምንም እንዳልሆነ እንቀመጥ?» ይላሉ። ይህም ትክክል ነው። ያመነ ሰው አላመንኩም እንዲል ማንም ሊጠይቀው አይችልም። ልጁ የሄደባት እናት ሐዘኗ እውነተኛ ሐዘን ነው።

ግን ማስተማርና ማስፈራራት ይለያያሉ። «ተሳስተሃል» ማለትና በር መዝጋት ይለያያሉ። ልጁን ማጣት የማይፈልግ ወላጅ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያደርግ ማየት አለበት። የጠፋው ልጅ ታሪክ ላይ አባትየው ልጁን አላሰረውም፣ ድርሻውን ሰጥቶ ሸኘው፤ ደጁንም አልዘጋም። በዚያ ታሪክ መጨረሻ ላይ ውጭ ቆሞ የቀረው ደንቡን ሁሉ የጠበቀው ታላቅ ወንድም ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ልትሠራው የምትችለው አለ። የሰውን ኃጢአት በጉባኤ ማንበብ ማቆም ትችላለች። ለሕፃናት ስለ ንጥቀትና ስለ ሲኦል የሚነገረው በምን ዕድሜና በምን ቃል እንደሆነ ልትመረምር ትችላለች። የተጨነቀ ወጣት ወደ ሐኪም ሲሄድ «እምነት ጎደለው» ከማለት ልትቆጠብ ትችላለች። የወጣ ሰው ሲሞትበት ለቅሶ መድረስ ትችላለች። ይህ ሁሉ ከትምህርቷ አንድ አንቀጽ አያስቀይራትም።

ሁለተኛው በር

አሁን ወደዚያ ጭር ወዳለው ቤት እንመለስ፤ በዚህ ጊዜ ግን ወደ እናትየው። እንደ ብዙ የዘመኗ ሰዎች እርሷም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ «ጴንጤ ሆነች» ተብላ በር የተዘጋባት ናት እንበል። አባቷ «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» ብሏል። ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጥታ አንዲት እኅት ቤት መሬት ላይ ተኝታለች። ያን ሌሊት አልረሳችውም። በምስክርነት ሰዓት እስከ ዛሬ ትናገረዋለች፤ ጉባኤውም ያለቅሳል።

እርሷም ከአንድ አጥባቂ የክርስትና ቤት የወጣች ልጅ ናት። እውነት መስሎ የታያትን ተከትላ የወላጆቿን ቤት ትታለች። ዛሬ ልጇ እውነት የመሰለውን ተናግሮ ሲወጣ የምትነግረው ቃል አባቷ ያኔ የነገራት ቃል ነው። ያ ሌሊት የእምነት ታሪክ ተደርጎ ሲነገር ኖሯል እንጂ እንደ ቁስል ታክሞ አያውቅም። ያልታከመ ቁስል ደግሞ ይወረሳል።

ስለዚህ ፈውሱ የልጁ ብቻ አይደለም። እናቲቱ ያን ሌሊት ምን ትፈልግ እንደነበር ብታስታውስ ለልጇ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ያኔ ክርክር አልፈለገችም፣ ሽማግሌ አልፈለገችም። የፈለገችው አባቷ ደጁን ከፍቶ «በልተሻል?» እንዲላት ነበር።

ልጁ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። እሑድ ከሰዓት ነው፤ አምልኮው አልቋል፣ እናቱ ቤት ገብታለች። ቢደውል ታነሣ ይሆን ብሎ ልቡ ይመታል። ቀድማ መደወል የምትችለው እርሷ ናት።